አሮጌ መኪና ትራክተር የሚሆነው በሁለተኛው ካምቢዮ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

አዲስ አበባ

ክቡር አዘጋጅ፤

አሮጌ መኪና አሳጥረው፣ ከኋላ ትልቅ ጎማ አስገብተው፣ ማረሻ ያስጎተቱ ወጣቶች ፎቶ በጋዜጣም በስልክም ሲዞር እናያለን። ደስ ይለናል። ቅር የሚለን ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ነው። የሞተሩ የፈረስ ጉልበትና የወጣው ብር ይጻፋል፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ፍጥነቱን በስንት እንደሚከፍል፣ የኋላ ጎማው ስንት ኪሎ እንደተሸከመ፣ ማረሻው በምን ከፍታ ላይ እንደታሰረ ግን አይነገርም። ዜናውን ያነበበ ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ ከገጠር ተነሥቶ የአሮጌ መኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይመጣና የመጀመሪያ ጥያቄው «ትልቅ ሞተር አለ?» ይሆናል። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ጠይቃችሁ እንድታትሙልን እንለምናለን። ለምን እንደሚያስፈልጉ ደግሞ ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

በመጀመሪያ ሂሳቡን እናስቀድም። የአንድ ተራ የናፍጣ ፒክአፕ ሞተር በሥራ ላይ በደቂቃ 2000 ጊዜ ይዞራል እንበል። የካምቢዮው 1ኛ ማርሽ በ4 ይቀንሰዋል፤ የጭነት መኪና ዲፈረንሻል (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ማርሽ) ደግሞ በ6። ሁለቱ ሲባዙ 24 ነው። ጎማው በደቂቃ 83 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። የ7.50-16 ጎማ ዙሪያ ወደ 2 ሜትር ተኩል ስለሆነ ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ይወጣል። በዚህ ፍጥነት መሬት አይታረስም፤ ማረሻው ይዘላል፣ ወይ ይሰበራል። ለእርሻ የሚፈለገው በሰዓት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ፍጥነቱን ለመቀነስ ነዳጁን ሲለቁት ሞተሩ ጉልበት ወደሌለው ዙር ይወርድና ይጠፋል። አሽከርካሪው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ ለማዝገም ይሞክራል፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ብዙዎቹ «ሙከራው አልተሳካም» የተባሉት ሥራዎች የሞቱት በዚህ ነው እንጂ በሞተር ማነስ አይደለም።

አሁን ከመጀመሪያው ካምቢዮ ጀርባ ሌላ ካምቢዮ በተከታታይ ይጨመር። ሁለተኛው በ2ኛ ማርሽ በ2.3 ቢቀንስ፣ 4 በ2.3 በ6 ሲባዛ 55 ይሆናል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ ይቀመጣል። ልክ የእርሻ ፍጥነት ነው። ሁለቱም በ1ኛ ማርሽ ሲሆኑ 96 ይደርሳል፤ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያው ሞተር፣ ያው ነዳጅ ነው።

ይህ ዘዴ የእኛ ግኝት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ ገበሬዎች ፎርድ ቲ እና ፎርድ ኤ የሚባሉትን አሮጌ መኪኖች እየቆረጡ እንዲህ አድርገዋል፤ ዱድልበግ ይሏቸው ነበር። ስዊድኖችም በዚያው ዘመንና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብዙ ሠርተዋል፤ ስሙን ኤፓ ትራክተር ያሉት በርካሽ ዕቃ ሻጭነቱ በሚታወቅ ሱቅ ስም ነው። ሁለት ካምቢዮ ማስከተል በሁለቱም አገር የታወቀ ዘዴ ነበር። ስዊድን እስካሁን ድረስ ከነዚህ ለመጡት የዛሬ ተሽከርካሪዎች በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወሰን አላት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ዕቃ ስትመርጡ የሻጭን ቃል አትቀበሉ፤ ቁጠሩ። ካምቢዮውን 1ኛ ማርሽ አስገብታችሁ በመግቢያው ዘንግና በመውጫው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መውጫው አንድ ዙር እስኪሞላ መግቢያው ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ያ ቁጥሩ ነው። ለዲፈረንሻል አንዱን ጎማ መሬት ላይ ተውት፣ ሌላውን በክሪክ አንሡት። የተነሣውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና የመግቢያውን ዘንግ ዙር ቁጠሩ። ሁለት ዙር የምንለው አንዱ ጎማ ሲያዝ የተፈታው በእጥፍ ስለሚዞር ነው፤ አንድ ዙር ብቻ አዙሮ የቆጠረ ሰው ቁጥሩን በግማሽ አሳንሶ ይዞ ይሄዳል። 5 ወይም 6 ከወጣ ለሥራው ይሆናል። የአውቶሞቢል ዲፈረንሻል ብዙውን ጊዜ 4 አካባቢ ስለሆነ፣ ዘንጉም ቀጭን ስለሆነ፣ እሱን ተዉት። የኢሱዙ ኤን ፒ አር ወይም የዚያ መጠን ጭነት መኪና የኋላ እግር ይበቃል።

የካምቢዮዎቹ ቅደም ተከተል ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ትንሹ ከሞተሩ ጋር፣ ትልቁ ከኋላ። የመጀመሪያው ካምቢዮ የሞተሩን ጉልበት በ4 አብዝቶ ነው የሚያቀብለው፤ ሁለተኛው የሚቀበለው አራት ሞተር አንድ ላይ የጎተቱትን ያህል ነው። ሁለት እኩል የፒክአፕ ካምቢዮ ያስከተለ ሰው ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ የሁለተኛውን 1ኛ ማርሽ ጥርስ በዘይት መውጫው በኩል ተሰባብሮ ያገኘዋል። ሁለተኛው የጭነት መኪና ካምቢዮ መሆን አለበት። አደጋ የደረሰበት ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ቀስ ያለው የፎር ዊል ማርሽ ደህና ሆኖ ከተገኘ ግን ሁለተኛ ካምቢዮ መፈለግ አያስፈልግም፤ ያ ማርሽ ራሱ በ2 ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ብዙ ጥሩ በያጅ ሲሳሳት እናያለን። ሁለተኛው ካምቢዮ ፍሪሲዮን አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ካምፓናው (የፍሪሲዮኑ ቤት) ይወልቃል። ነገር ግን የመግቢያው ዘንግ አፍንጫ ድሮ የሚቀመጠው በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መሐል ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ነበር። አሁን ያቺ ኩሽኔታ የለችም። ዘንጉ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ ኩሽኔታ ብቻ ተይዞ ይዞራል፤ ሲከብድበት ይንቀጠቀጣል፣ የፊት ኩሽኔታውን ይበላል፣ ዘይቱን ያንጠባጥባል። መፍትሔው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካምፓናው ቡሎኖች ቦታ ማሰርና መሐሉ ላይ ለዘንጉ አዲስ ኩሽኔታ ማስቀመጥ ነው። የኩሽኔታው ቤት በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ይወጣ። በጋዝ የተበሳ ቀዳዳ ክብ አይሆንም።

ዘንጉን ከክሮቼራ (ዘንግን ከዘንግ ከሚያገናኘው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ጋር ለማገናኘት ያረጀ የፍሪሲዮን ዲስክ ፈልጉ፤ የዚያው ካምቢዮ መሆን አለበት። ሸራውንና ስፕሪንጎቹን አውልቃችሁ የመሐሉን እምብርት ብቻ ታስቀራላችሁ። ውስጡ ያለው ጥርስ ከዘንጉ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ይህን ጥርስ በእጅ ለማውጣት ቀን ሙሉ ከሚለፋ ሰው ይልቅ ዲስኩን በጥቂት ብር የገዛው የተሻለ ሥራ ይሠራል። እምብርቱ በክብ ፍላንጅ ላይ ይበየዳል። ከመበየዱ በፊት ሁለቱንም በቶርኖው ላይ አስተካክላችሁ አራት ቦታ ነካ ነካ አድርጉና እንደገና አዙራችሁ ለኩ። ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ አንሥታችሁ እንደገና። የእምብርቱ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ቀዝቃዛውን ከበየዳችሁት ከብየዳው ጎን በጥፍር ልክ የማትታይ ስንጥቅ ትቀራለች፤ ዝናብ ባበሰበሰው ማሳ መሐል ትከፈታለች። እጅ የማይነካው እስኪሆን አሙቁት፣ የደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ ተጠቀሙ፣ ሲያልቅ አመድ ውስጥ ቅበሩትና ቀስ ብሎ ይብረድ። ውኃ ውስጥ መንከር ሥራውን ማበላሸት ነው።

በሁለቱ ካምቢዮዎች መሐል ያለችው አጭር ዘንግ ሁለት ክሮቼራና አንድ ተንሸራታች ጥርስ ያስፈልጋታል። ካምቢዮዎቹ በፍጹም አንድ መስመር ላይ አይቀመጡም፤ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ይፈናቀላሉ። ጫፍና ጫፍ ያሉት የክሮቼራ ሹካዎች አንድ አቅጣጫ እያዩ መገጠም አለባቸው፤ አንዱ ከተዛነፈ ዘንጉ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፣ ከዚያም መንቀጥቀጡ የካምቢዮውን መያዣ ቡሎን ይፈታል። ቡሎን በተፈታ ቁጥር አጥብቆ መሄድ ምክንያቱን አያጠፋውም። ሁለተኛው ካምቢዮ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጥ፤ ወደ ፊት ካዘመመ ዘይቱ ወደ አፍንጫው ይሄዳል።

ስለ ሻንሲው አጠር እናድርገው። በፊትና በኋላ እግር መሐል ከ1.8 እስከ 2 ሜትር ይበቃል። ቆረጣው ቀጥ ብሎ አይውረድ፤ በሰያፍ ይሁን። ከውስጥ በኩል 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተደርቦ በቡሎንም በብየዳም ይያዝ። የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር አትብሱ፤ ሻንሲ የሚሰበረው ከዚያ ቀዳዳ ተነሥቶ ነው። ባትሪው ሳይፈታ አትበይዱ። የኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ) ደግሞ ይወገድ። ከባድ ነገር ሲጎተት ባሌስትራው እንደ ጎባጣ እባብ ይጠማዘዝና ጎማው ይዘላል። የኋላው እግር በቀጥታ ሻንሲው ላይ ይታሰር፤ የፊቱ ባሌስትራ ይቆይ፣ አንድ እግር እንኳ ጉድጓድ ሲገባ አራቱም ጎማ መሬት እንዲይዝ።

አሁን ወደ ክብደት። ካምቢዮ ጉልበቱን ቢሰጥም ወደ መሬት የሚያደርሰው ጎማው ነው፤ ጎማው ደግሞ የሚጎትተው በላዩ ባለው ክብደት ልክ ነው። በደረቅ የእርሻ መሬት ላይ የኋላ ጎማው ከተሸከመው ግማሹን ያህል ይጎትታል ብላችሁ አስቡ። ኋላው 1000 ኪሎ ከሆነ 500 ኪሎ። አንድ ማረሻ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲቆርጥ 375 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ቀላል አፈር ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ገደማ ይጠይቃል፤ ርጥበት ያለው ኮትቻ (ከባዱ ጥቁር አፈር) ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ማረሻ በኮትቻ ላይ ወደ 375 ኪሎ ይፈልጋል፤ ይቻላል። ሁለት ማረሻ አይቻልም። የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ ኮትቻ ደግሞ በአንድ ማረሻም አይሞከር። ጎበዝ የተባለ ሠሪ እንኳ በዚህ ቁጥር ላይ ሊከራከር አይችልም፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ ያበቃል።

ክብደት ለመጨመር ጎማውን በውኃ ሦስት አራተኛ ድረስ መሙላት ቀላሉ መንገድ ነው። የአሮጌ ብረት ገበያ በሆነው ምናለሽ ተራ የወደቁ የጭነት መኪና የፍሬን ከበሮዎችም በቸርኬው ላይ በቡሎን ሲታሰሩ ጥሩ ሸክም ናቸው። ሸክሙ ሻንሲው ላይ ከሚጫን ቸርኬው ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ኩሽኔታው አይደክምም። ክብደት ካበዛችሁና 96ቱን ማርሽ ካስገባችሁ ግን ጎማው መንሸራተቱን ትቶ ዘንጉ ይሰበራል። የጎማ መንሸራተት እንደ ፊውዝ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አታጥፉት።

ከሁሉ በላይ የምንፈራውን እንንገራችሁ። ማረሻው ወይም ጋሪው የሚታሰርበት ነጥብ ከኋላው ዘንግ መሐል በታች መሆን አለበት፤ በ7.50-16 ጎማ ከመሬት ከ35 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ድንጋይ ሲይዘው ማረሻው ይቆማል፣ ጎማው ግን መዞር ይፈልጋል። ማሰሪያው ከዘንጉ በላይ ከሆነ የመኪናው ፊት ወደ ላይ ይነሣና አሽከርካሪው ላይ ይገለበጣል። ሁለት ሰከንድ አይሞላም፤ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ጊዜ የለም። በፎቶ ከምናያቸው ሥራዎች ውስጥ ማሰሪያውን ከፒክአፑ ወለል ላይ ያወጡ አሉ፤ ለማየት ያምራል፣ ሰው ይገድላል። ከፊት ቢያንስ 150 ኪሎ ብረት ይጫን፤ ከአሽከርካሪው በስተኋላም ከወፍራም የውኃ ቧንቧ የተሠራ፣ ከሻንሲው ጋር እንጂ ከመቀመጫው ጋር ያልተበየደ የብረት ቅስት ይቁም። ቀበቶ ያድርግ። ይህን ያላደረገ ሠሪ ዕቃውን ለገበሬ አያስረክብ።

ሁለተኛው ካምቢዮ ከ2ኛ ማርሽ በላይ እንዳይገባ የእጀታውን መንገድ በብረት ዝጉት። ካልተዘጋ ሁለቱንም በቀጥታ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ አጭር፣ የኋላ ባሌስትራ የሌለው፣ ጎማው በውኃ የተሞላ ነገር አስፋልት ላይ ይወጣል። ከተዘጋ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። የሁለተኛው ኋላ ማርሽም ይዘጋ፤ ሁለቱም በኋላ ማርሽ ከገቡ መኪናው ወደ ፊት ይሄዳልና። ሁለተኛውን ካምቢዮ መቀየር የሚቻለው ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ብቻ መሆኑን በቀለም ጻፉበት።

የፍሬን ነገር። የኋላው ፍሬን ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ ሁለት ፔዳል፣ ሁለት ማስተር ቢኖረው ጥሩ ነው፤ በማሳ ጫፍ ላይ የውስጡን ጎማ ይዞ መዞር ያስችላል። መንገድ ላይ ሁለቱ ፔዳሎች በብረት ይቆለፉ። የተረሳው ቁልፍ ወደ አንድ ጎን ወርውሮ ይጥላል።

ሙቀትና አቧራ ሞተሩን የሚጨርሱት ጠላቶች ናቸው። መኪና ሲሄድ ነፋስ ራዲያተሩን ያበርዳል፤ ትራክተር በ5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነፋስ የለውም። በሞተሩ የሚዞር ትልቅ ፋን፣ ከጭነት መኪና የተወሰደ ራዲያተር ያስፈልጋል። ፊቱ ላይ ጥቃቅን ወንፊት ይደረግ፤ በጤፍ ውቂያ ወቅት እብቁ በየሰዓቱ መራገፍ አለበት። የአየር ማጣሪያው ከዘይት ጋር የሚሠራው የድሮ ላንድሮቨር ዓይነት ቢሆን፣ አየር መሳቢያውም ከአሽከርካሪው ራስ ከፍታ ቢወጣ ይመረጣል። ዘይት በኪሎ ሜትር አይቆጠር፤ በየ100 ሰዓት ሥራ ይለወጥ። ቆጣሪው ላይ 400 ኪሎ ሜትር ብቻ እያሳየ ዘይቱ ግን እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ያያችሁት ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ሞክሮ ቆላ የሚልክ ሰው ይጠቀማል፤ በተቃራኒው ያደረገ ይጎዳል። እዚህ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ጭሱ ጠቆር ካለ የነዳጅ ፖምፑን ቀነስ አስደርጉ። ነዳጅ መጨመር ጉልበት አይጨምርም፤ ፒስቶን ያቃጥላል።

የገልባጭ መኪና ፖምፕ የሚያዞረው የካምቢዮ ጎን ማርሽ ለውኃ ፖምፕ ወይም ለመውቂያ እናድርገው የሚሉ አሉ። ያ ማርሽ የተሠራው ሳጥን እስኪነሣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ሰዓት ሙሉ ካሠሩት ይሞቃል፣ ይበላል። ውኃ ለመሳብ ከሞተሩ ፊት በቺንጋ ማዞር ይሻላል።

የሚሄድ መኪና ለዚህ ሥራ ማረድ ደግሞ ኪሳራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የቆየ መኪና ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነው። የሚገዛው አካሉ ያለቀ፣ የተገለበጠ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግን የሚሠራ ነው። ከኢሱዙ ሻንሲ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚያቆም እጅ ያለበት ከተማ ይህን መሥራት አያቅተውም፤ ሁለተኛው ካምቢዮ፣ ቶርኖውና የኋላው እግር እዚሁ ተክለሃይማኖትና መርካቶ መሐል በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ ነው ያሉት።

ከመላካችሁ በፊት ድንጋይ የተጫነ ላሜራ ግማሽ ሰዓት አስጎትቱትና የሁለተኛውን ካምቢዮ ሆድ በመዳፋችሁ ንኩ። መዳፍ ካልቻለው ወይ ዘይቱ አንሷል፣ ወይ ዘንጉ ተዛንፏል፤ እዚሁ ፈትታችሁ አስተካክሉ። ወደ ማሳው ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኖ ይሂድ እንጂ በራሱ አይነዳ፤ የተቆረጠው አካል ከሊብሬው ጋር አይገጥምም። ሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቁራጭ ግን እንዳትጥሉት፤ አዲሱ ሻንሲ ላይ እንዳለ እንዲቀር ቆረጣውን ከእሱ አርቃችሁ ጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣

በተክለሃይማኖትና በሶማሌ ተራ ዙሪያ የምንሠራ መካኒኮች፣ በያጆችና የቶርኖ ሠራተኞች